የፓይ ጠበቃና የኬክ ጠበቃ

ከእራቱ ሦስት ቀን ቀደም ብላ ግሌንዳ፣ የእሳት አደጋ አለቃው ሚስት፣ ኦርቪል ቤት መጣች። ወንበር እንኳ አልሳበችም። ዘንድሮ ኬክ እንዲያሸንፍ መንደሩ ተስማምቷል፣ አንተም ምላስህን ሰብሰብ አድርግ ብላው ሄደች።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በጎ ፈቃደኞቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአዳራሻቸው ለመንደሩ እራት ያበላሉ። ሥጋውና ድንቹ ተበልቶ ጣፋጩ ሳይቀርብ ሙግት አለ፤ ፍራፍሬ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው ፓይ ይበልጣል ወይስ ኬክ? የፓይ ጠበቃ ኦርቪል ነው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ። የኬክ ጠበቃ ዶሪን ናት፣ ፖስታ ቤቱን ሠላሳ ዓመት ቀጥ አድርጋ የያዘች። ሁለቱ ተናግረው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ አንዳንድ ፍሬ ደረቅ ቦሎቄ ይዞ ይነሳና ከሁለት ሰፋፊ ጠርሙሶች በአንዱ ይጥላል። እንዲህ ሲሸናነፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ያሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ሌላውን መንገድ ላይ እያስቆመ ያበሽቃል፤ የተሸነፈ ደግሞ ቆጠራው ተጭበርብሯል ይላል።

ዘንድሮ ግን ዶሪንን ካንሰር ያዛት። ከሰኔ ጀምሮ ለሕክምና ሃሊፋክስ ከተማ ስትመላለስ ጸጉሯ አለቀ፣ ልብሷም ሰፋት። ሐኪሞቹ ቁርጡን አይናገሩም። ኦርቪል ክፉ ሰው ስላልሆነ ግሌንዳን እሺ አላት።

የእራቱ ዕለት ዶሪን የሱፍ ኮፍያዋን ደፍታ፣ በእህቷ ልጅ ተደግፋ ገባች። አንዱ ማሞቂያው አጠገብ ወንበር አመጣላት፣ ሌላው ትራስ፣ ሌላዋ ሻል። ሞቆኛል ብትል የሰማት የለም።

መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት፣ እንደተቀመጠች። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ምላሷ ግን ያው ነው።

«ፓይ ላይ ሻማ ሰክቶ ልደቱን ያከበረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ» አለች። «ኬክ ፊቱን ገልጦ ነው የሚመጣው። ፓይ ግን ሊጥ ተከናንቦ ነው። ምን ሠርቶ ነው የሚደበቀው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ የመጣው ግን ንግግሯን ሳትጨርስ ነበር፤ ዶሪንም ይህን ልብ አለች።

የኦርቪል ተራ ሆነ። ፓይ ጥሩ ነገር ነው አለ። ቀጥሎ ኬክም ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሰው ሲያረጅ እንዲያውም ኬክ ሳይሻል አይቀርም አለ። ሰዉ በእርካታ አጨበጨበ። ዶሪን አላጨበጨበችም፤ ቴምብር የሌለው ደብዳቤ እንደሰጣት ሰው አድርጋ አየችው።

«ኦርቪል» አለች፣ «ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የመጣኸው?»

ጭብጨባው ቆመ። ግሌንዳ ከወዲያ ሆና ተቀመጥ፣ ተቀመጥ እያለች በእጇ ትጠቅሰዋለች። ኦርቪል ግን የዶሪንን ዓይን አየ፤ እየቀለደች አልነበረም፣ ፈርታ ነበር። ተመካክረው እንደመጡ ገብቷታል። በቁሟ ሊቀብሯት ሲዶልቱ አብሮ መዶለቱን ሲያስበው በራሱ አፈረ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ኬክ ማለት» አለ፣ «ክሬሙን ሲገፉለት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። ላዩን ተኳኩሎ ውስጡን ለቄስ። የዛሬ ሦስት ዓመት የዚህችን ሴትዮ ኬክ በልቼ እስከ ገና ውሃ ስጠጣ ከርሜያለሁ። ሻማ ትላለች ደግሞ። ሻማውን የሚሰኩት እኮ ሰው እሱን እያየ ጣዕሙን እንዳያስተውል ነው።»

ግሌንዳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኦርቪል ወደ ዶሪን ዞረ።

«ፓይ ለምን ይከናነባል ላልሽው፣ አገሩ ብርድ ነው፣ ሁሉም ይከናነባል። አንቺስ ኮፍያ ደፍተሽ የመጣሽው ምን ሠርተሽ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዶሪን ዞረ። መጀመሪያ የተሰማው የራሷ የዶሪን ሳቅ ነው። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ሳል እስኪያቋርጣት ሳቀች። ያን ጊዜ ሌላውም ሰው ሳቀ፣ ይሉኝታውም ለቀቀው። ቦሎቄ ሊጥሉ ሲነሱ የግሌንዳን ምክር ያስታወሰ ብዙ አልነበረም።

ተቆጠረ። ፓይ ሃምሳ ስምንት፣ ኬክ አርባ አንድ። ይሄኔ ሁሉም ድንግጥ አለ። የእሳት አደጋ አለቃው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ምናልባት ተሳስተን ይሆናል፣ ከዶሪን ጠርሙስ ጥቂት ፍሬ ሳይቆጠር ቀርቶ ይሆናል ማለት ጀመረ።

ዶሪን ዝም በል አለችው። ጠርሙሶቹ ፊቷ እንዲገለበጡ አዘዘች። የእህቷን ልጅ እጅ ገፍታ፣ በቀጫጭን ጣቶቿ ዘጠና ዘጠኙን ፍሬ አንድ በአንድ ቆጠረች። ስትጨርስ እንደገና ጀመረች። ፓዩ ላይ የተደረገው አይስክሬም ቀልጦ ሲፈስ ከወንበሩ የተነሳ ሰው የለም። ያው ሃምሳ ስምንትና አርባ አንድ ወጣ።

«ሌባ» አለችው ኦርቪልን፣ ፊቷ ቀልቶ። «ቅድም ስትልፈሰፈስ ግን ልገድልህ ነበር።»

እሱም መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰዉ ወደ ጣፋጩ ሲሰለፍ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከሰኔ ጀምሮ የምለውን ሁሉ ሰው እሺ ነው የሚለኝ። እሺ ሲበዛ እንዴት እንደሚያስፈራ አታውቅም።»

ኦርቪል አንድ የሚያባብል ነገር ሊናገር ከጀለ፤ ግን ዋጠው። ለኬክ አርባ አንድ ራሱ በዝቶበታል አላት።