የአራተኛው ሲሊንደር እስትንፋስ

አማቴ አዋላጅ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ሥራቸው እኔን መጠበቅ ሆኗል። ጋራዡ ከቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ ስለተያያዘ በረንዳው ላይ ወንበር ይዘው ይቀመጡና መዶሻ በወደቀ ቁጥር «ምነው?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሞተር በእጄ እያለ ሰው ሲያናግረኝ ደሜ ይፈላል። ባሌ በሁለታችን መሃል እንደ ጓርኒሲዮን ነው፤ ሁለት ብረት እንዳያፈስ መሃል ገብቶ ይጨፈለቃል።

የጠባችን መነሻ ባሌ የሚነዳበት የተራራ የመኪና ውድድር ነው። አምና ባሌ ዳገቱን አጋምሶ ሳለ የአራተኛው ሲሊንደር ፒስተን ቀልጦ ተበሳ፤ ሞተሩ ኩርባው ላይ ቀጥ አለ፤ መኪናው ተሽከርክሮ ከግንብ ጋር ተላተመ። ባሌ ትከሻው ተሰብሮ ተረፈ። ሞተሩን ስፈታው ጥፋቱ ከማኒፎልዱ ሆኖ ተገኘ። ማኒፎልድ ከአየር መጭመቂያው ከቱርቦው የሚመጣውን አየር ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ባለ ቅርንጫፍ ቧንቧ ነው። ከሞተሩ ጋር በደንብ ካልገጠመ ያልተጋበዘ አየር ይገባል፣ ነዳጁ ይሳሳል፣ እሳቱም ብረት ያቀልጣል። ያንን ሞተር የገጠመው ሰው ከነጉድለቱ ነበር የሸጠልን። ዘንድሮ ግን ከታች እስከ ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ማኒፎልዱን ልገጥም ስል አማቴ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄን ዳግመኛ ልትልኪብኝ ነው አይደል?»

መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ባሌ ጠብ ሲሸተው መቀለድ ይወዳልና ቀደመኝ። «እማዬ፣ አንቺ ስንቱን ሆድ አዳምጠሻል! ይሄንንም ሲነሳ አዳምጪውና ፍረጂ። አይሆንም ካልሽ ዘንድሮም ከርሞም አልነዳም፤ ቃሌ ነው።»

ቀልዱን ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አማቴ «ሚስትህ ምስክር ናት» አሉና ወንበራቸውን ጎትተው ጋራዡ ውስጥ አስገቡ። እኔ ባሌን በዓይኔ ገደልኩት። ውድድሩን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያልመው እሱ ነው፤ ያንን ሕልም በእናቱ አፍ ላይ አስቀምጦት አረፈ።

እልኬን ሥራው ላይ ተወጣሁት። የማኒፎልዱን ፊት ቶርኖ ቤት ወስጄ በማሽን አስፍቄዋለሁ፤ የብረት ማስመሪያ ሳቆምበት ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። አዲስ ጓርኒሲዮን አለበስኩት። ዳዶዎቹን ከሞተሩ በወጡት ቡሎኖች ላይ በጣቴ አስያዝኩና ከመሃል ወደ ዳር እያልኩ በቶርክ መፍቻ አጠበቅኳቸው። ይሄ መፍቻ ጥብቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ጠቅ ይላል። እንደዚያች ጠቅታ የማምነው ነገር የለኝም፤ ባሌን ጨምሮ።

ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ስንቱን ሞተር አስነስቻለሁ፤ ግን ትናንት ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ የነበረ ብረት በራሱ አየር ስቦ ሲያጉረመርም ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመኛል። ማዳመጫዬን፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ ናት፣ ጆሮዬ ላይ ደግኜ ማኒፎልዱን ዙሪያውን አሰስኩት። ምንም የለም። ቱቦዋን ለአማቴ ሰጠኋቸው። ስሰጣቸው ፈገግ ብዬ እንደነበር አልክድም።

እሳቸው አንዱን ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የማውቃቸው ነገረኛ ሴትዮ ከፊቴ ጠፉ። ትንፋሻቸው ረጋ፤ ቱቦዋን የያዙት ጣቶች ብረቱን ሳይነኩ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ። ባሌ ሊያስነጥሰው ሲል አፍንጫውን ይዞ ዋጠው።

«እዚህ ጋ ያፏጫል» አሉ። የአራተኛው ሲሊንደር የታችኛው ጥግ ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንዳይነዳ ስለሚፈልጉ ነው የሰሙት!»

«አንቺ የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ። ውሃ የለሽም? እሱ ይመስክር።»

በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ረጨሁበት። ጥጉ ውሃውን ጠጣው፤ ሞተሩም ለቅጽበት ተደነቃቀፈ። ክው አልኩ። እኔ በቱቦ ያልሰማሁትን፣ ቱርቦው እያፏጨ፣ ቺንጋው እየተንጫጫ፣ እሳቸው ለይተው ሰሙት!

ባሌ ሞተሩን አጠፋ። ፊቱ አመድ መስሏል። «በቃ፣ ቃል ቃል ነው» አለና ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

እናቱ ተቆጡት። «ምጥ ላይ ያለችን ሴት ሞታለች ይባላል? ገና አልፈረድኩም። አንቺ፣ ጨርሺና ጥሪኝ።»

ሞተሩ ሲበርድ የዚያን ጥግ ዳዶ ፈታሁት። ጥፋቱን ሳየው በራሴ ላይ ሳቅ መጣብኝ። ፊቱን አስፍቄ አሳምረዋለሁ ስል ማኒፎልዱን አሳስቼዋለሁ። ስለሳሳም ዳዶው ማኒፎልዱን ሳይጫነው የቡሎኑ ጥርስ አለቀበት። መፍቻውም ጠብቋል ብሎ ጠቅ አለ። ያጠበቀው ግን ዳዶውን ከቡሎኑ ጋር እንጂ ማኒፎልዱን ከሞተሩ ጋር አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይሄ ነው። ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ፣ ከየዳዶው ሥር የሳሳውን የሚሞላ ክብ ብረት፣ ሮንዴላ፣ አስገባሁ፣ እንደገና ከመሃል ወደ ዳር አጠበቅኩ። በዚህ ጊዜ ጠቅታዋን ብቻ አላመንኩም፤ እያንዳንዱ ብረቱን መጫኑን እያጎነበስኩ አየሁ።

ሞተሩ ተነሳ። አማቴ እንደገና ጎንበስ አሉ።

በዚያች ጋራዥ ውስጥ እሳቸው የሚሰሙትን የሚሰማ ሌላ ጆሮ የለም። «አሁንም ያፏጫል» ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? ውሃው እንኳ ቢክዳቸው «ስስ ነው፣ አይታይም» ማለት ይችላሉ። ልጃቸው ቤቱ ይቀራል። እናት ናቸው፤ ቢያደርጉት አልፈርድባቸውም ነበር። ባሌ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። አማቴ ጥጉን አዳመጡ፣ ወደ መሃል ሄዱ፣ ተመልሰው አዳመጡ። ከተጨፈነው ዓይናቸው እንባ ወረደ።

ቀና አሉ። «ደህና ይተነፍሳል።»

«እማዬ፣ የማትፈልጊ ከሆነ...»

«የምፈልገውንማ ታውቀዋለህ። እንዳትነዳ ነው የምፈልገው። ግን በዕድሜዬ ሙሉ የሚተነፍሰውን አይተነፍስም ብዬ አላውቅም። ለአንተ ስል ልጀምር?»

ባሌ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸው ግን «ሂድ፣ ቀበቶህን እሰር» ብለው ገፈተሩት።

መንገድ ላይ ሊሞክረው ይዞት ወጣ። እኔና አማቴ በሩ ላይ ቆምን። የመኪናው ድምፅ ከሰፈሩ መጋዘኖች ኋላ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ከጎረቤት የሚሰማው የመጋዝ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ሄደ፤ እንግባ እማማ» አልኳቸው።

እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። ጭንቅላታቸው ወደ ተራራው ዘንበል ብሏል።

«የት ሄደ? አሁን ዳገቱን ያዘ። ማርሽ ቀየረ። ደህና ነው።» ጆሮዬን ብደግን ብደግን ምንም አልሰማሁም። «አንቺ ገብተሽ እጅሽን ታጠቢ፤ እኔ እሰማዋለሁ።»

አልገባሁም። ግራሶ በነካው እጄ ክንዳቸውን ይዤ ቆምኩ።