ታኮ ተነስቷል

ባለፈው ተዋጊ ጄቶች ለልምምድ ዝቅ ብለው ጎተራን ሲያቋርጡ ኮንዶሚኒየማችን ተተራመሰ። ግቢ የቆሙት መኪኖች አላርም በአንድ ላይ ጮኸ፣ የጎረቤታችን የዙለይካ ብርጭቆ ከመደርደሪያው ወረደ። አባቴ፣ ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል፣ በረንዳ ላይ ጋዜጣውን እያነበበ ቀና እንኳ አላለም።

«ይሄማ ሹክሹክታ ነው፣ ማዕረግ» አለኝ።

አየር ኃይል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሚግ ተዋጊ ጄት መካኒክ ነበር። «ጭራው ላይ እሳቱ ሲቀጣጠል አጠገቡ ከቆምሽ፣ ድምፅ ሰማሁ አትዪም» ይለኛል። «ጥርስሽን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሆድሽ ውስጥ ይገባል፣ ቱታሽ ገላሽ ላይ ይርገበገባል። ጆሮሽ ስር የሚጮህ ሰው አፉን ሲከፍት ብቻ ነው የምታዪው።» የጆሮ መሸፈኛ ተሰጥቶት ነበር እኮ! እሱ ግን ገለጥ እያደረገ ሞተሩን ያዳምጥ ነበር፣ በቃ እንደ ሐኪም። ሞተሮቹ ሁሉ ዳኑ፣ ታሞ የቀረው የእሱ ጆሮ ነው።

አልሰማም ግን አይልም። ማዳመጫ መሣሪያ ከገዛሁለት ዓመት አልፎታል፣ ካርቶኑን አልከፈተውም። «ይሄ የሽማግሌ ነው» ይላል፣ ሰባ አንድ ዓመቱ! እናቴ እያለች ጆሮው እሷ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔ ሆንኩ።

እንግዲህ መስቀል ፍላወር ስልክ የሚጠግነው የኔው ዮአብ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ባለ ከረባት ሽማግሌዎች እሁድ ጠዋት መጡ። እንደ ደንቡ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ዋናው፣ አቶ ገለታ፣ በአክብሮት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ ቆየና «እናስብበት፣ ተመለሱ» አለ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? ማንም አልጠረጠረም። በሁለተኛው እሁድም ያንኑ ደገመ። እኔ ሞኟ ጓዳ ሆኜ አባቴ ኮራልኝ ብዬ ፈገግ እላለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ «ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ እንዲህ ቆሞ መለመን እንዴት ያደክማል!» አይለኝ መሰላችሁ? ክው አልኩ። ለካ አንዲት ቃል አልሰማም።

ለምን አትነግሪውም ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አድርጌ? ልጁን እወደዋለሁ ብሎ ለአባት መናገር በራሱ ያሳፍራል። ለእሱ መንገር ደግሞ መጮህ ነው፤ እኔ ከጮህኩ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወሎ ሰፈር ይደርሳል። አንድ ጊዜ ሌላ ጉዳይ በወረቀት ጽፌ ብሰጠው «ደንቆሮ ነኝ?» ብሎ ሦስት ቀን አኩርፏል።

አቶ ገለታ ደግሞ ለዮአብ ቁርጡን ነግረውታል፦ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፣ ከዚያ በኋላ አንመለስም። ዮአብ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ልቅሶ ልቅሶ ይል ነበር። እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

በሦስተኛው እሁድ ቆሙ፣ ተናገሩ። አባቴ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። «እናስ...» ሲል ከሽማግሌዎቹ ጀርባ፣ ጓዳው በር ላይ ብቅ አልኩና እጆቼን ከራሴ በላይ አጣመርኩ። በአውሮፕላን ሜዳ ይሄ ቁም ማለት ነው። ሞተር ሲያገሳ መነጋገሪያው እጅ ብቻ ስለሆነ፣ አባቴ እኔንም ያሳደገኝ በእነዚሁ ምልክቶች ነው። ልጅ ሆኜ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ አውራ ጣቶቹን ወደ ውጭ ያዞርና ሁለት እጁን ይከፍታል። አውሮፕላኑ እንዳይንቀሳቀስ ጎማው ስር የሚደረገው ታኮ ተነስቷል፣ ሂጂ ማለቱ ነው። እኔም ወደ ትምህርት ቤት እበራለሁ።

አባቴ አፉን ዘጋ። ሽማግሌዎቹን ጠቆምኩ፣ ራሴን ጠቆምኩ፣ የቀለበት ጣቴን ያዝኩ። ያኔ ገና ከረባቶቹን አስተዋላቸው። ዓይኑ እንባ ሞላ። አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ አነሳና በዓይኑ ጠየቀኝ፦ ዝግጁ ነሽ? እኔም አውራ ጣቴን አነሳሁ።

ተነስቶ ጀርባውን አቀና። አውራ ጣቶቹን ወደ ውጭ አዙሮ ሁለት እጁን ከፈተ። አቶ ገለታ ምርቃት መስሏቸው ጎንበስ አሉ።

«ተቀመጡ! ማዕረግ ልጃችሁ ናት!» ብሎ ሲጮህ፣ ከግድግዳው ወዲያ ዙለይካ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ መኝታ ቤት ገብቶ ያንን ካርቶን ይዞ መጣ።

«አንቺ ከሄድሽ በሩ ላይ ማን ይቆምልኛል?» አለና ሰጠኝ።

እያለቀስኩ መሣሪያውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ከዚያ በለመድኩት ድምፅ «አባዬ! ይሰማሃል?» አልኩት።

ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ኧረ ቀስ! ደንቆሮ መሰልኩሽ እንዴ?»