የታጠረው ዋርካ

ውሃው መጥቷል፤ ያውም ሦስት ቧንቧ፣ ሲከፍቱት የሚንፎለፎል። ችግሩ፣ ያለው ከአዲሱ ሆቴል አጥር ውስጥ መሆኑ ነው።

ሁሪያ ከእንግዶቹ ድንኳን ፊት ቆማ ቧንቧዎቹን ታያለች። በመርሳ ከተማ ምክር ቤት የዚህ ሰፈር ተመራጭ እሷ ናት። ባለሀብቱ አቶ ፍቅሩ ለሆቴሉ ቦታ ሲሰጣቸው ለሰፈሩ ቦኖ እንዲሠሩ ያስገደደችው እሷ፣ «ከዋርካው ሥር ይሁን» ያለችውም እሷ ናት። ዋርካ የሁሉም ነው፤ ሰው ይሸመገልበታል፣ መንገደኛ ያርፍበታል። ዋርካ ይታጠራል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው በምክር ቤቱ አልነበረም። አቶ ፍቅሩ ግን ቦኖውን በተባለው ቦታ ሠሩና ዋርካውን ጨምረው በሽቦ አጠሩት። ቃላቸውን አላጠፉም። ሰው ለቃሉ እንዲህ ሲታመንም ያናድዳል።

ከሽቦው ማዶ የሰፈሩ ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከወንዝ ስትቀዳ ወገቧ የጎበጠው ጎረቤቷ ብርቱካንም አለች። ሁሪያ ወደዚያ ማየት አፈረች።

«ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ያስገባቸዋል፤ በእኔ ይሁንብሽ» አሏት አቶ ፍቅሩ ጠጋ ብለው። «አሁን ተረክበናል በይና ዱዓው ይደረግ። ከወልዲያ የመጡት እንግዶች ምሳ እየጠበቁ ነው።»

በዚህ አገር ያለ ዱዓ አዲስ በር አይከፈትም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል አሚን ይላል። አቶ ፍቅሩም የዚሁ አገር፣ የግራና ልጅ ናቸውና ይህን አይስቱትም። ሸህ ሙሐመድዘይን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ዘርግተዋል።

«በይ ልጄ፣ ተረክባችኋል?» አሉ ሸሁ።

እምቢ ብትል ሰውየው ተቆጥተው ቧንቧውን ይዘጉት ይሆናል። እሺ ብትል ደግሞ ብርቱካን እስክትሞት ዘበኛ ስትለማመጥ ትኖራለች። ሁሪያ ወደ ሸሁ ዞረች።

«አባቴ፣ ዘበኛ የሚከፍተውን ውሃ የሰፈሩ ነው ብዬ መረከብ ከበደኝ። አልተረከብንም።»

ሸሁ መዳፋቸውን ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አጠገባቸው የነበሩትም ሁሉ፣ ማተብ ያሰሩት ሳይቀሩ፣ እጃቸውን አወረዱ።

«ሸህ፣ ኧረ ይመርቁን እንጂ!» አሉ አቶ ፍቅሩ።

«ምን ብዬ ልመርቅ ልጄ? አሚን የሚለው ሰው እኮ ከአጥሩ ውጭ ነው።»

አቶ ፍቅሩ ዞረው ሽቦውን አዩት። ከጓሮ የጥብሱ ሽታ መጣ፤ ከእንግዶቹ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ብርቱካን ግን ወገቧን ይዛ ተነሳች፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወደ አጥሩ ተጠጋችና ቆመች።