የካምቢዮው ጆሮ

እስቲ እናንተው ፍረዱ። አንዲት ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁዱን፣ ሰው አልጋው ላይ ሲገላበጥ እሷ ሲሚንቶ ላይ በጀርባዋ ተኝታ የአባቷን አሮጌ መኪና ስትጠግን ኖረች። ሞተሩን ፈትታ፣ አጥባ፣ ፒስተኑን ቀይራ መልሳ ገጠመች። ካምቢዮውንማ፣ የማርሹን ሳጥን፣ አትጠይቁኝ! ዓይነቱ መሠራት ካቆመ ስንት ጊዜው፤ ዓመት ተኩል አፈላልጋ ነው ያገኘችው። በመጨረሻዋ ቀን፣ ሁለቱ ተጋጥመው መኪናዋ ውስጥ ሊገቡ ባሉበት ቀን፣ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንድም ጋሼ መጣ!

ይቺ ሴት የጋራዥ መካኒክ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ “አሥራ ሦስት” ይሏታል። አጭርና ቀጭን ስለሆነች፣ አሥራ ሦስት ቁጥር የቡሎን ቁልፍ የሚገባበት ቦታ ሁሉ እሷም ትገባለች ብለው ያወጡላት ስም ነው፤ እሷም ስቃ ተቀበለችው። የሚያናድዳት ሌላ ነው። አባቷ በዚያች መኪና ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ማን ነው የሚጠግንልዎት ሲባሉ “ልጆቹ እየሞካከሩ ነው” ይላሉ። ልጆቹ! አንደኛው ልጅ ወንድም ጋሼ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል፣ ጎማ እንኳ ቀይሮ የማያውቅ። አባቷ ሞተሯ ከተነሳ መኪናዋን ለእሷ ሊሰጧት ቃል ገብተዋል፤ እሱስ ጥሩ ነው። አሥራ ሦስት ግን ከመኪናዋ ይልቅ የምትፈልገው አንድ ቃል ነበር። አባቷ ሰው ፊት “ሴት ልጄ ናት የሠራቻት” እንዲሉላት። ይኸው ነው፤ በዛ?

የአባቷ ግቢ ውስጥ መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ የለም። ስለዚህ ሞተሩንና ካምቢዮውን ውጭ አጋጥሞ፣ በሰንሰለት አንስቶ፣ የካምቢዮውን ጅራት ዘቅዘቅ አድርጎ በመኪናዋ ፊት በኩል እንደ አንድ ዕቃ ማውረድ ነው የሚያዋጣው። ቅዳሜ ከሰዓት ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውን፣ ሞተሩ ላይ አሰረች። የፍሪሲዮን ዲስክ መሐል ለመሐል ካልተቀመጠ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም፤ ትንሽ ዝንፍ ካለ አለቀ። በእንጨት ዘንግ አስተካክላ፣ ስድስቱን ቡሎኖች አጠበቀችና በእያንዳንዱ ራስ ላይ በነጭ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመረች። ጥፍሯን ተቀብታ አታውቅም፤ ቀለሙ የቡሎን ነው። መስመሩ ከተዛነፈ ቡሎኑን ሰው ነክቶታል ማለት ነው።

እሁድ ጠዋት ሞተሩን በሰንሰለት ማንሻ አንጠለጠለች፤ ካምቢዮውን ከኋላው እንጨት ላይ ደገፈች። ሁለተኛ ሰንሰለት ከጋራዥ ማምጣት ሲያስፈልጋት ወንድም ጋሼ ገና መድረሱ ነበር።

“ወንድም ጋሼ፣ እስክመለስ እንዳትነካው።”

“ምን ልነካ! እኔ ተመልካች ነኝ” አላት።

ተመልካች! አንድ ሰዓት ቆይታ የግቢውን በር ስትከፍት አክስቷና ሦስት የአባቷ የድሮ ጓደኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ለካ ተመልካቹ “እሁድ ሞተር እገጥማለሁ፣ ኑና እዩ” ብሎ ስልክ ሲደውል ነው የሰነበተው። ገና ከማሸጊያው የወጣ ቱታ ለብሷል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል አውራ ጣት የሚያህል ክፍተት ቀርቷል፤ እሱ ረጅም ቁልፍ ይዞ፣ ላቡ ጠብ እያለ፣ ቡሎኑን ያጠብቃል።

“ተው!” ብላ ጮኸች። በዚያው ቅጽበት ቋ! አለ። የካምቢዮው ጆሮ፣ ያ ቡሎን የሚታሰርበት ቁራጭ፣ ተገንጥሎ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ።

“ምን አደረግህ?”

“እኔ ምን አደረግኩ? አንቺ ነሽ አበላሽተሽ የገጠምሽው! አልገባም ሲል በቡሎን ሳብኩት።”

በቡሎን ሳብኩት! ወይ ነዶ! ቡሎን የገባውን ያጠብቃል እንጂ ያልገባውን አይጎትትም። ካምቢዮ በእጅ ገፍተኸው ካልገባ ቆም ትልና ለምን አልገባም ብለህ ትጠይቃለህ። ጋራዥ የገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ነገር ነው። ግን ወንድም ጋሼ ምን ጠይቆ ያውቃል?

“ኧረ ተዪ ልጄ፣ ብረት ነው፤ ሰው አልሞተ” አሉ አክስቷ።

አሥራ ሦስት ካምቢዮውን ወደ ኋላ ጎትታ አላቀቀችና የእጅ ባትሪ አብርታ ተንበረከከች። ከስድስቱ ነጭ መስመሮች አንዱም በቦታው የለም። ዲስኩ ወደ ጎን ተንሸራቶ ተቀምጧል።

“ፈትተኸዋል። እኔ ገጠምኩት ለማለት ፈትተህ እንደ ነገሩ መልሰህ አስረኸዋል።”

“እኔ? በእናቴ አጽም አልነካሁትም!”

ዓይኑን በጨው አጥቦ! የሟች እናታቸውን አጽም እንኳ ለአንድ ፍሪሲዮን ሲል አላሳረፈውም። የአሥራ ሦስት ደም ፈላ።

ይኼን ጊዜ አባቷ ከቤት ወጡ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና መስመሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ክንዷን ይዘው ወደ ጓሮ፣ ውኃ ማጠራቀሚያው ጋ ወሰዷት።

“አይቻለሁ” አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እሱ ነው የፈታው።”

እፎይ አለች። ቸኮለች እንጂ።

“ግን እንግዳ ተቀምጧል። የቤቱ ታላቅ ነው፤ ነገ ምን ብሎ ሰው ፊት ይቆማል? አንቺ ቻይው። ‘ተሳስቼ ነው’ በይና ይለፍ።” እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የመኪናዋን ቁልፍ አወጡ። “እንኪ። ሞተር ተነሳ አልተነሳ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት።”

“እኔስ ምን ብዬ ልቁም፣ አባባ? እሱን ቢሮው ውስጥ ካምቢዮ ሰበርክ የሚለው የለም። እኔ ግን የምኖረው በዚህ ሙያ ነው።”

“አንቺማ ጠንካራ ነሽ።”

ጠንካራ ነሽ! ይቺን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። በዚያ ቤት ውስጥ ጠንካራ ነሽ ማለት አንቺ ተሸከሚ ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው፤ ደካማ የሆነ ይቅርታ ይደረግለታል፣ ጠንካራው ዕዳውን ይከፍልለታል!

ቁልፉን ሳትቀበል ቆመች። አባቷም ዝምታዋን እሺታ አደረጉትና ወደ እንግዶቹ ተመለሱ። “ልጅቷ ናት የተሳሳተችው፤ ያጋጥማል” አሉ፣ ሁሉም እየሰማ።

“አልተሳሳትኩም!” ጎረቤት ድረስ ተሰማ። “የፈታውም እሱ ነው፣ የሰበረውም እሱ ነው! አባባም ያውቃሉ!”

“አፍሽን ያዢ!” አሉ አባቷ። ቁልፉ ወደ ኪሳቸው ተመለሰ። ወንድም ጋሼ ጫማውን ያያል፤ አክስቷ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

አሥራ ሦስት ሞተሩን ቀስ ብላ አሮጌ ጎማ ላይ አወረደችው፤ ሞተሩ ምን አጠፋ? በሸራ ሸፈነችው። መሣሪያዋን ሰብስባ በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

“አባባ፣ እውነቱን እነዚሁ ሰዎች ፊት የሚናገሩ ቀን ይደውሉልኝ።”

ሦስት ሳምንት ስልክ የለም። በመሐሉ ወንድም ጋሼ ሁለት መካኒክ እንዳመጣ ሰማች። ሁለቱም ሸራውን ገልጠው ሞተሩን አይተው “ጆሮውስ ይበየዳል፤ ይኼን የሠራው ማን ነው? እሱው ቢጨርሰው ይሻላል” ብለው ሄዱ አሉ። እሱው! ወንድ መስሏቸው ነው፤ ቢሆንም ሙገሳ ነው።

በአራተኛው እሁድ ልብስ እያጠበች ስልኳ ጮኸ።

“እኔ ነኝ” አሉ አባቷ። “የዚያን ቀን ሰዎች ሁሉ እዚሁ አሉ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌዋለሁ።”

“እኔም አለሁ!” አሉ አክስቷ ከኋላ።

ከዚያ ማጉረምረም ተሰማ፤ ወንድም ጋሼ ነው። “እሺ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ። የፈታሁትም እኔ ነኝ። በቃ!”

“ይኸው ሰማሽ” አሉ አባቷ ቶሎ ብለው። “አሁን ነይ።”

አሥራ ሦስት እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። “እኔ የጠየቅኩት እሱን አይደለም። እርስዎን ነው።”

በስልኩ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ወንበር ተንቋቋ። ሊዘጉት ነው ብላ አሰበች፤ ቢዘጉት ዳግም እዚያ ቤት ላትረግጥ ማለች።

“አውቅ ነበር” አሉ አባቷ በመጨረሻ። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ሆነ። “እሷ ናት የተሳሳተችው ስላችሁ እያወቅኩ ነው። መኪናዋን የሠራቻት ሴት ልጄ ናት፤ ብቻዋን። እኔ ነኝ የዋሸሁባት።”

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታዘጋጀው የከረመችው መልስ ነበራት፤ ረጅም፣ የሚቆርጥ። ተወችው። እልኋ እንባ ሆኖ ወረደና አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች።

“መጣሁ” አለች። “ማንም እንዳይነካው!”