የክፉ ቀን አሥራት

ጌታሁን ግትር ነው። ይህን ሚስቱ ጫልቱ ከተጋቡ ጀምሮ ታውቃለች፤ ደንበኞቹም ያውቃሉ። አስኮ ባለው ወርክሾፑ በርና ደረጃ ይበይዳል፤ የሠራውን ደረጃ ግን ራሱ ወጥቶ ሳይዘልበት ለማንም አያስረክብም። ስለዚህ ብድር ሊጠይቅ የሄደበት ባንክ ሠራተኛ፣ ሳያት የምትባለው ልጅ፣ «የምናየው ዛሬ ባለው ወለድ ብቻ አይደለም፤ ወለዱ ነገ ቢጨምርስ መክፈል ይችላሉ ወይ ብለን እንፈትናለን» ስትለው ደስ ነው ያለው።

«ደግ አደረጋችሁ» አላት። «ሳይዘሉበት እንዴት ይታወቃል?»

ብድሩን የፈለገው የጋሽ ያደሳን ቤት ለመግዛት ነው። ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ያለ፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ አጥሩ ያዘነበለ የጭቃ ቤት። ሌላ ሰው ቢያየው «ምኑ ይገዛል?» ይላል። ጌታሁን ግን ያደገው እዚያ ግቢ ነው፣ ከኋላ ባለችው አንዲት ክፍል። አባቱ ሲሞት ጋሽ ያደሳ ክፍሏን ለእናቱ ያለ ኪራይ ሰጧት፤ እሷም የሰው ልብስ እያጠበች እዚያው አሳደገችው። አሁን ጋሽ ያደሳም አርፈዋል። ልጆቻቸው ሊሸጡት ነው። ትልቋ ዓለም «እስከ ፋሲካ እንጠብቅሃለን፤ ካልሆነ ፎቅ የሚሠራው ሰውዬ ይወስደዋል» ብላዋለች። ሰውዬው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ማፍረስ ነው። ያቺ ክፍል ከፈረሰች እናቱን እንደገና የሚቀብራት ይመስለዋል።

ሳያት የእሱን ገቢ ከጫልቱ የነርስነት ደመወዝ ጋር ደመረች፣ የቤቱን ወጪ ሁሉ ጠየቀች፣ ወለዱን ከፍ አድርጋ ኮምፒውተሯን መታ መታ አደረገች። አልሞላም። ጫልቱ ፈጠን ብላ «ሥጋው ይቅራ፤ ልብስም ለጊዜው እንተዋለን» አለች። አሁንም ትንሽ ጎደለ።

«ይቺ ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጧት አሥራት...» አለች ሳያት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወለዱ የሚጨምርበት ያ ቀን ከመጣ እሷ ብትቀር ያልፋሉ።»

ጌታሁን ፊቱ ተለዋወጠ። «እሷ አትነካም።»

«ጋሼ፣ አሁን ይተዉት አላልኩም እኮ። ለስሌቱ ብቻ ነው።»

«ገብቶኛል ልጄ። አትነካም።»

ጫልቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። የበየደውን ብረት ብትረግጥ ይሻላት ነበር።

ታክሲ ውስጥ አፏን አልዘጋችለትም። «የማይመጣ ቀን ነው እኮ የጠየቀችህ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት አንተ ነህ። 'እሺ' ብትላት ምን ነበረበት?»

«የማይመጣ ከሆነ ታዲያ ምን አስዋሸኝ?»

«ቤቱስ? እናትህ ያለቀሰችበት፣ የጸለየችበት ቤት ይፍረስ?»

ፌርማታው ላይ ሲወርዱ እሷ ተናዳ ወደ ቤት ሄደች፤ እሱ ቁርጡን ለመናገር ወደ ጋሽ ያደሳ ግቢ ወረደ።

ዓለም ሳሎኑ ውስጥ የአባቷን ዕቃ በካርቶን እያስገባች ነበር። ጌታሁን ደጃፉ ላይ ተቀመጠና «ሽጡት እትዬ ዓለም፤ ፈተናውን ወደቅኩ» ብሎ የሆነውን ሁሉ ነገራት። እሷ ካርቶኑን አስቀምጣ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ሁለቱም የውጭውን በር አዩ።

ያ በር የጌታሁን ነበር። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ሳለ አማኞቹ በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ እዚህ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፤ የሚዘመረው በሹክሹክታ ነው። የጌታሁን ሥራ በሩ ላይ ብይ መጫወት፣ የቀበሌ ሰው ብቅ ሲል ማፏጨት ነበር። ብይ የመሰለ ነገር ምድር ላይ የለም፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለነበር ሁሌ ይሸነፍ ነበር። ውስጥ ገብቶ ሲዘመር ሰምቶ አያውቅም። እናቱ ስትዘምር ድምፅዋ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ይህ ይቆጨዋል።

«ሳሎኑ ሲጠረጠር ጉባኤው ወደ እናንተ ክፍል መዞሩ ትዝ ይልሃል?» አለችው ዓለም።

«እንዴት ይረሳኛል? አልጋው ላይ ሳይቀር ተደራርባችሁ።»

«ለምን እንደዞረስ?»

«ጠባብ ስለሆነች ማንም አይጠረጥራትም ብላችሁ ነዋ።»

«የለም፣ እኛ አልመረጥናትም። እናትህ ያን ዓመት ታማ ልብስ ማጠብ አቁማ ነበር። ሳንቲም አልነበራትም። አባዬ ዘንድ መጥታ 'በገንዘብ የምሰጠው ጠፋ፤ አሥራቴ ክፍሌ ትሁን' አለቻቸው። እኔ ሻይ ሳቀርብ ሰማሁ። ብትያዝ እስር ቤት እንደምትገባ እያወቀች ነው እኮ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የገዛ ቤቱን በር ሲጠብቅ ኖሮ የቤቱን ነገር ያልሰማ እሱ ብቻ ነበር። ጌታሁን አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ዓለም ጀርባውን ዳበሰችው፤ ልጅ ሳለ ሲወድቅ እንደምታደርገው።

እዚያው እንደተቀመጠ ለቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር፣ ለሞቲ ደወለና ክፉ ቀን ቢመጣ በአሥራቱ ፈንታ ሳሎኑን መስጠት ይችል እንደሆነ ጠየቀው። ፓስተሩ ሰምቶ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ የሠፈራችን የረቡዕ ጸሎት በኪራይ አዳራሽ መሆኑን ረሳኸው? ሳሎን የሚሰጠን ካገኘን እኮ ኪራዩ ተረፈልን።»

በማግስቱ ከጫልቱ ጋር ሳያት ፊት ተቀመጠ። «አሁን አስልተሽ እይው። ያ ቀን ከመጣ ገንዘቡ ለእናንተ፣ ሳሎኑ ለጌታ።»

ሳያት ግራ ገብቷት ጫልቱን አየች፤ ጫልቱ ፈገግ አለች። «ሳሎን የሚሞላበት ቦታ ግን እዚህ ቅጽ ላይ የለም» አለች ሳያት።

«ግድ የለም። እኔ ጋ አለ።»

ሳያት አሥራቷን ከወጪው ቀንሳ አሰላችው፤ ብድሩ ተፈቀደ። ፋሲካን በጋሽ ያደሳ ቤት ዋሉ። ጌታሁን አጥሩን አቃና፣ ቆርቆሮውን ለወጠ፤ የእናቱን ክፍል ግን ቀለም እንኳ አልቀባትም።

በሁለተኛው ዓመት ጫልቱ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። ወለዱ ጨምሯል የሚል የባንክ መልእክት ነው። «የማይመጣው ቀን መጣልህ» አለችው። ልትቆጣ ነበር፣ ግን ሳቀች። ረቡዕ ከሰዓት ሁለቱ ሆነው ሳሎኑ ውስጥ ለጸሎቱ ወንበር ደረደሩ።

ሰዉ ገባ፤ ዓለምም መጣች። መስኮቱ ተከፍቷል፣ መጋረጃው እንኳ ተሰብስቧል። ዝማሬው በሙሉ ድምፅ ተጀመረ። ጫልቱ ባሏን ብትፈልገው የለም።

ዓለም ቀድማ ጠረጠረችና ወጣች። ጌታሁን የውጭው በር ላይ ቆሞ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ያያል።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እኔ እንጃ። እግሬ አመጣኝ» አለ አፍሮ።

ዓለም እጁን ያዘችው። «ግባ ጌታሁን። አሁን ማንም አይመጣም።»

ጌታሁን መንገዱን አንድ ጊዜ አየው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ተወውና ተከትሏት ገባ።