ሁስና የጠራቻቸው ወፎች

"እማ፣ ራይስ አወደላ ዛሬም ባሕር ላይ ነው፤ ታዲያ ከራር ለምን ቤት ተቀመጠ?"

ሁስና ለጀልባዎቹ ምሳ የሚሆን ዓሣ እየሰነጠቀች ሆድ ዕቃውን ታወጣ ነበር። ጠያቂዋ ትንሿ ልጇ ሰዕዲያ ናት። "ይልቅ ውሃ ቅጂልኝ" ብላ አባረረቻት።

ታላቅ ወንድሟ ከራር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ከቁሴር ከተማ በስተደቡብ ባለው በዚያ ዳርቻ እንደሱ ያለ ዓይን አልነበረም። ራይስ በሚሉት በጀልባ አዛዡ በአወደላ ጀልባ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የባሕር ላም፣ ያቺ የባሕር ሣር የምትግጥ ግዙፍ እንስሳ፣ ለመተንፈስ አፍንጫዋን ብቅ ስታደርግ ከማዕበሉ ብልጭታ ለይቶ ያያታል። እንግዶቹ ከሩቅ አገር የሚመጡት እሷን ለማየት ነው። የዳርቻው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ የባሕሩ ሣር ጋ ሲደርሱ ሞተር ይጠፋል፣ ይጠበቃል። ላሚቱ በራሷ ጊዜ ትወጣለች።

አንድ ቀን እንግዶቹ አውሮፕላን እንዳያመልጣቸው ቸኮሉ። አወደላ ሞተሩን ሳያጠፋ ሣሩ ላይ ነዳ። ላሚቱ ከነግልገሏ ልትተነፍስ ስትወጣ የሞተሩ ስለት ጀርባዋን ከፈተው። የባሕር ጠባቂዎች ሲመጡ አወደላ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ፣ "መሪውን የያዘው ከራር ነበር" አለ። እንግዶቹ ሄደዋል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሽበቱን አመኑ። ከራር ከማንኛውም ጀልባ ታገደ።

ሁስና አለቀሰች፣ ከዚያ ማልቀሷን ተወች። አወደላን ማየት ጀመረች፤ ስትሰነጥቅም፣ ስታጥብም፣ ስትጸልይም።

አወደላ ተመልካቹን ከራርን ካጣ ወዲህ ወፍ እየተከተለ ነበር የሚሄደው። ነጫጭ የባሕር ወፎች ተሰብስበው በሚወርዱበት ቦታ ትንንሽ ዓሣ አለ፤ ከሥሩ ዶልፊን ይኖራል። ግን ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ወፎቹ ከላይ በጭንቅላታቸው ከተወረወሩ ከሥራቸው ያለው ሕያው ዓሣ ነው። ውሃው ላይ ተቀምጠው ከተናጠቁ ግን ትርፍራፊ ነው። ከራር ሁለት ጊዜ ያይ ነበር። አወደላ አንዴ አይቶ የሚሮጥ ሰው ነው።

ከመንደሩ ወዲያ "የአህያ ጀርባ" የሚሉት ዝርግ አለት አለ። ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶች በእግራቸው ሄደው ዛጎል ይለቅሙበታል፤ ባሕሩ ሲመለስ ውሃው ጉልበት ይደርሳል። እኩለ ቀን ላይ ከሰሜን ለሚመጣ ጀልባ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትሆን የውሃው ቀለም አይለይም። ሁስና ነፋስ የሌለበትን ቀን ጠበቀች። ግን ሕፃን የያዘ እንግዳ ቢኖርስ? ዋና የማይችል ቢኖርስ? ጠዋት ወደቡ ላይ ቆማ እንግዶቹ ሁሉ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መልበሳቸውን አየች። "እዚያ ሰው አይሰጥምም" አለች ለራሷ፤ "ስም ግን ይሰጥማል።"

ዘንቢሏን እንደ ዛጎል ለቃሚ አንጠልጥላ፣ በውስጡ የዓሣ አንጀት ሞልታ ሄደች። አለቱ ጠርዝ ላይ በተነችው። መጀመሪያ አንድ ወፍ መጣ፤ ሁለተኛው ጮኸ፤ ከዚያ ሰማዩ ነጭ ሆነ። እሷ ወደ ኋላ ሸሽታ ጎንበስ አለች።

ሞተሩ ከሩቅ ተሰማ። አወደላ ዓይኑን ወፎቹ ላይ ተክሎ፣ "ዶልፊን! ካሜራችሁን አውጡ!" እያለ መጣ። ከዚያ ድንጋይ እንጨት ሲፍቅ ሰማች። ጀልባዋ ዘመም ብላ ቆመች። እንግዶቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ፤ ማንም አልተጎዳም። ወፎቹ ግን ምሳቸውን አልተዉም፤ አንዱ አንጀት ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። አንዲት ወፍራም እንግዳ መሳቅ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

ሊጎትቷት ሁለት ጀልባዎች ደረሱ። ሁስና ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቀና ብላ ቆመች።

"አንቺ!" አለ አወደላ። "አንቺ ነሽ የሠራሽው!"

"እኔ ወፍ አበላሁ፣ ራይስ። መሪውን ማን ያዘ? ከራር ነው?"

የሌሎቹ ጀልባዎች ሰዎች ሳቁ። አወደላ ዙሪያውን ተመለከተ፤ አፉ የለመደውን አወጣ።

"እኔ አይደለሁም! ሳቢር ነበር የያዘው!"

ሳቢር የጀልባው ወጥ ሠሪ ነው። ከታች በቢላዋ የተወጋ ሽንኩርት ይዞ ብቅ አለ። "እኔ? እኔ ሽንኩርት ስልጥ ነበር፤ ይኸው ዓይኔ! አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? የዚያን ቀንም የነዳኸው አንተ ነህ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ እንጂ አይቻለሁ!"

የጀልባዎቹ ሰዎች የሰሙትን ለሽማግሌዎቹ ወሰዱ።

በማግስቱ የከራር እገዳ ተነሣ። ከዚያ አወደላ ከዘመዶቹና ከሽማግሌዎቹ ጋር የዕርቅ በግ እየጎተተ የሁስና ደጅ መጣ። የዳርቻው ልማድ እንዲህ ነው፤ የተበደለው ቤት "ይቅር" ካላለ በዳይና ተበዳይ ከአንድ ወደብ አይነሡም። ባለ ጀልባዎችም በሁለቱ መካከል ላለመግባት ሁለቱንም አያሳፍሩም።

"የከራር እናት፣ አንዲት ቃል ናት" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ ሐምደላ። "በያትና ሁሉም ሥራው ይግባ።"

"በጉን ይዞ ይመለስ።"

ደግመው መጡ። አወደላ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ነበር። ጀልባው ላይ መውጣት ያልቻለ ሰው ፊቱ ከስቷል። ሁስና ተደስታ አየችው፤ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣችው። "ልጄ ግድግዳ ሲያይ የት ነበርክ?" ብላ በሩን ዘጋች።

ከራር ከውስጥ ነበር። "እማዬ፣ እኔ እኮ ይቅር ብዬዋለሁ።"

"እኔ አላልኩም። እናትህ በሕይወት እያለች ቃሉ የኔ ነው።"

"እሱ ባሕር እንዳይወጣ ስትይ እኔንም አሰርሽኝ። ሰባት ልጅ ያለው ሰው የት ይሄዳል? ልቀቂን።"

"እሱ ነው የሚለቀው! ይሂድ ከዚህ ዳርቻ! ያኔ አንተ ጀልባ ጣሪያ ላይ ትወጣለህ።"

ከራር መለሰላትም አልመለሰላትም፣ አላስተዋለችም፤ ጆሮዋ ውጭ ነበር፣ የበጉን መመለስ ትሰማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው እንዲሁ ተመለሱ።

በሳምንቱ ወደ ሰፋጋ ወደብ የሚሄድ መኪና በመንደሩ አለፈ። ከራር ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሮ ሰዕዲያን ሳማት፣ የእናቱን ራስ ሳመ። እዚያ የጭነት መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ነበር። ሁስና ከረጢቱን ያዘች፤ እሱ ቀስ አድርጎ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ።

አወደላ እዚያው ወደቡ አጠገብ የሰው መረብ እየጠገነ ቀረ። ከራር ሄደ።