አባራሪዋ

ሰፈሩ «አባራሪዋ» ይላት ነበር። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። በየዓመቱ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትዕዛዝ ሊገባ ሲል፣ ከልብስ ስፌት ቤቷ አንዲት ሴት ታባርራለች። ሰነፏን አይደለም፤ ሰነፍማ ማንም ያባርራል። እሷ የምታባርረው ቁንጮዋን ነው።

«ውጪልኝ!» ትላለች፣ ድምጿ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ እየተሰማ። «መሥሪያሽን ይዘሽ ውጪ! ከትዕዛዙም ድርሻሽን ውሰጂና ዓይንሽን እንዳላየው!»

የመጀመሪያዋ ተባራሪ አልቅሳ፣ ረግማ ነበር የወጣችው። የስፌት መኪናዋን በጋሪ እየገፋች መንገዱን ስታጋምስ ነገሩ ገባት፤ መኪና አላት፣ ሥራ አላት፣ አለቃ ግን የላትም። ላመስግን ብላ ብትመለስ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት።

«ለምን በጨዋ ደንብ አትመክሪያቸውም?» ብላ ልጇ አንድ ቀን ጠይቃታለች።

«ምክርማ ‹እሺ፣ ነገ› ይሉበታል። ደሞዝ የለመደች ሴት በምክር አትነሣም። ወንበሩን ነው ከሥሯ መንጠቅ።»

«እኔንስ መቼ ታባርሪኛለሽ?»

«መጀመሪያ ሥራ ልመጂ!»

«የሴት ጠላቷ ሴት ናት» እያለ የሚፈላሰፍ ሰው በየደጁ ሞልቷል። ይህን የሚለው ሰው በዕድሜው ለአንዲት ሴት እንኳ ወንበር ስቦ አያውቅም፤ አፉ ግን ለሁሉም ይደርሳል። ለዚያ ዓይነቱ ሰው የሚሰጠው መልስ ሰባት መንገድ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር፦ የተባረሩት ሴቶች የሱቅ ሰሌዳዎች።

ቤተሰቧንም ቢሆን ለሥራዋ ብላ አልበደለችም። ባሏ አልጋ ላይ ሲውል፣ ብቻውን እንዳይሆን አልጋውን ስፌት ቤት አስገባችው። ሰውየው በማሽን ጩኸት መሀል ቁልፍ በየቀለሙ እየለየ፣ ከሠራተኞቹ ጋር እየተሟገተ እስከ ዕለተ ሞቱ ሰው ሆኖ ኖረ። ልጇ ፊደል የቆጠረችው በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። ሲመሽ ሁሉም ማሽን ይቆማል። ትርፍ ሰዓት የሚለምን ደንበኛ ቢመጣ መልሷ አንድ ነው፦ «ማሽን አይራብም፣ ልጅ ይራባል።»

አባራሪዋ ካረፈች ዓመት ሆናት። ቤቱን አሁን የያዘችው ልጇ ናት። ትምህርቱ አላት፣ ቁጣውም ተርፏታል፤ እጇ ግን ለመቀስ አልታደለም። ዘንድሮ የመባረር ተራ የደረሳት ደግሞ የቤቱ ቆራጭ ነበረች። «መቀሷ» ይሏታል። ጨርቁን ደርባ ደራርባ አንዴ ስትቆርጠው እላዩም እታቹም ልክ ነው። የተበላሸ ስፌት ይፈታል፤ ተሳስቶ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ተመልሶ ጨርቅ አይሆንም። መቀሷ ሄዳ ትዕዛዙ ቢበላሽ ትምህርት ቤቶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የእናቷ ቤትም ይዘጋል።

የሙት ዓመቷ መታሰቢያ ዕለት ጠዋት፣ የማጓጓዙን ሥራ የያዘው የአባቷ ወንድም ይህንኑ ነገራት።

«መቀሷን ብታባርሪ ቤቱን ነው የምታባርሪው፣ ልጄ።»

እውነቱን ነበር፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው ቤቱ በሰው ሞላ። የተባረሩት ሴቶች ከፊት ወንበር ያዙ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ሠራተኞች አስከትለው ነበር የመጡት። አጎትዮው ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነፍሷን ይማር፣ ደግ ሴት ነበረች። ንግድ ግን አታውቅም ነበር። በገዛ እጇ ተፎካካሪ ስታረባ ኖረች። የድሮ ሰው ‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ› ያለው ወዶ አይደለም። እኔና የወንድሜ ልጅ ተስማምተናል፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም አይባረርም!»

ጭብጨባ ጠብቆ ነበር። ከኋላ ግን፣ ስንት ዘመን ተራዋን ስትጠብቅ የኖረች ኮሌታ ሰፊ፣ «ምነው፣ ምን አጠፋን?» ብላ ጮኸች።

«ጋሼ፣ የለበሱትን ኮት ማን ሰፋልዎት?» አለች ሌላዋ። ሳቁ ከጥግ ጥግ ተዳረሰ።

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ፊት ወጣች።

«አጎቴ፣ ይቀመጡ። እኔ ዝም አልኩ እንጂ አልተስማማሁም። ‹ንግድ አታውቅም› አሉ? ጨርቅ አስመጪው ዋጋ ልቆልል ሲል እነዚህ ሴቶች ሁሉ በአንድ ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ በማግስቱ ደጃችን መጥቶ ለምኗል። ክር በጠፋ ጊዜ ክር ያካፈሉን እነማን ናቸው? ተፎካካሪ የሚሏቸው እነሱን ነው? ይሄ ንግድ ካልሆነ ንግድ የት ነው ያለው? ደግሞ እናቴን የዋህ አያስመስሏት። የዋህ ናት የሚል ሰው አንድ ቀን ከእሷ ጋር ዋጋ ተከራክሮ አያውቅም!»

«እሱስ እውነት ነው፤ ቆዳችንን ነበር የምትገፍፈው!» አለ አንድ ነጋዴ ከበሩ አጠገብ፣ በኩራት።

ልጅቷ ወደ መቀሷ ዞረች። ድምጿ የእናቷን ያህል አልወጣም፤ ቢሆንም ወጣ።

«አንቺ! ጠረጴዛሽን ይዘሽ ውጪልኝ! የልጃገረዶቹ ቀሚስ ትዕዛዝ ያንቺ ነው። ዓይንሽን እንዳላየው!»

መቀሷ ንቅንቅ አላለችም። «አልወጣም። የቀረውን ማን ሊቆርጠው ነው?»

«እኔ።»

«አንቺ? አንቺ የቆረጥሽው ሱሪ እኮ አንዱ እግር ቀድሞ ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መቀሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «በእኔ ምክንያት ይሄ ቤት ሲዘጋ ልይ? እትዬ ቢኖሩ...»

«ቢኖሩ ይሄኔ ደጅ ነበርሽ!»

ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ተባራሪ ብድግ አለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ አሁን የትልቅ መጋረጃ ስፌት ቤት ባለቤት ናት።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል? የልጅቷ እጅ እስኪፈታ ከየቤታችን ቆራጭ በየተራ እንልካለን። ነገ የእኔ ተራ ነው፤ ራሴ እመጣለሁ። አንቺ ደግሞ ውጪ ስትባዪ ውጪ! ለዚህ ወንበር የሚሰለፍ ስንት አለ መሰለሽ?»

መቀሷ ፊቷን በክንዷ ጠራርጋ ተነሣች። ጠረጴዛው በበሩ አልወጣም፤ እግሮቹን መፍታት ግድ ሆነ። አንዷ ሳታስፈቅድ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ አጎትዮው ላይ ጫነችው፦ «ጋሼ፣ ይቺን ያዙልን!» ሰውየው ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ማምለጫ ሲያጣ ተሸከመ። ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠረጴዛው በእልልታ ሲያልፍ ተመለከተ።

ልጅቷ ባዶው ወለል ላይ የደንብ ልብሱን ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግታ፣ ጠመኔ ይዛ ተንበረከከች። ተባራሪዎቹ ዙሪያዋን ከበቧት። «ወደ ራስሽ ሳቢ!» ትላለች አንዷ። «ምን ወደ ራሷ፣ ወደ ውጭ ነው እንጂ!» ትላለች ሌላዋ። መቀሷ ራሷ ከመንገድ ተመልሳ በመስኮት ብቅ አለች፦ «ጠመኔውን አታንቂው፣ አይሸሽሽም!»

«ዝም በሉ ሁላችሁም!» ብላ ልጅቷ ጮኸች፤ ድምጿም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱ ድረስ ተሰማ። ከዚያ መቀሱን አነሣችና ጨርቁ ውስጥ ከተተችው።